የሚንዘፈዘፍ ፍሪሲዮን በመቲ የክረምት መንገድ

በመቲ ከተማ የክረምቱን መጽናት ከሰማዩ ይልቅ ከመኪኖቹ ድምፅ ማወቅ ይቻላል። በጋውን ሁሉ በአቧራ መካከል ያለ ችግር ሲመላለስ የከረመው ፒክ አፕ፣ ላንድክሩዘርና አይሱዙ፣ ሐምሌ ገብቶ ቀዩ አፈር ውሃ ጠጥቶ በለሰለሰ ጊዜ፣ ከየዳገቱ ሥር ቆሞ ሲያጓራ፣ ጎማው ባለበት ሲሽከረከር፣ ሹፌሩም አንድ ጊዜ አንደኛ ማርሽ አንድ ጊዜ የኋላ ማርሽ እያስገባ ከማጡ ለመውጣት ሲታገል ይውላል፤ ከዚህ ትግል በኋላ፣ መኪናው ደረቅ መሬት ረግጦ በሰላም ተነሥቶ ሊሄድ በሚገባው ሰዓት፣ መላ አካሉ ከመሪው እስከ ጭነት ሣጥኑ መንዘፍዘፍ ይጀምራል። ሹፌሩ እግሩን ከፔዳሉ ላይ ባነሣ ቍጥር መኪናው እየያዘ እየለቀቀ ይዘላል፤ ተሳፋሪው ይናወጣል፤ ጥቂት ሜትር ከሄደ በኋላ ግን ምንም እንዳልነበረበት ጸጥ ይላል። የዚህ ሐተታ ጉዳይ ይኸው ሕመም ነው።

መቲ በጋምቤላ ክልል የመዠንግር ዞን መቀመጫ ናት። ጋምቤላ ሲባል በብዙ ሰው ኅሊና የሚሣለው የባሮ ዳር ሜዳና የቆላው ሐሩር ነው፤ የመቲ አገር ግን ከዚያ ሥዕል ይለያል፤ ከፍ ያለ፣ ጥላው የከበደ፣ ከዓመቱ ብዙውን ክፍል ዝናብ የማይለየው የደን አገር ነውና። መዠንግሮች በረጃጅሙ ዛፍ ላይ ቀፎ እየሰቀሉ ማር የሚቈርጡበት፣ ቡናም በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅልበት ይህ ደን፣ በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ገብቷል። ነገር ግን ለንቡና ለቡናው በረከት የሆነው እርጥበት ለብረት ባላጋራ ነው፤ ለብዙ ቀን ውጭ የቆመ መኪና ሲነሣ በውስጥ ብረቶቹ ፊት ላይ ስስ ዝገት ይዞ ይነሣል፤ ይህም ነገር ወደ ኋላ እንደምናየው ለምርመራው ትልቅ ዋጋ አለው።

በዚህ ክልል የክረምትና የመጓጓዣ ነገር ድሮ ከዛሬው የተገለበጠ ነበር። በ1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመው ውል መሠረት፣ በባሮ ዳር በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ፣ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም እየመጡ የኢትዮጵያን ቡና ያጓጉዙ ነበር፤ መርከቦቹም ሊወጡ የሚችሉት ወንዙ በክረምት በሞላ ጊዜ ብቻ ስለ ነበር፣ ነጋዴው ሁሉ ዝናቡን በናፍቆት ይጠባበቅ ነበር። የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያም ወዲህ መንኰራኵር ቀስ በቀስ እየተስፋፋ እስከ ደኑ ውስጥ በደረሰ ጊዜ፣ ለመርከብ መንገድ ከፋች የነበረው ክረምት ለመኪና መንገድ ዘጊ ሆነ።

በጾመ ፍልሰታ ሰሞን በአንዱ ቀን፣ ዝናቡ ጥቂት ጋብ ባለበት ሰዓት፣ ከቴፒ ጨው፣ ሳሙናና የምግብ ዘይት ጭኖ የመጣ አንድ ቶዮታ ሃይሉክስ፣ ጭነቱን አራግፎ በቆርቆሮ ጣራ ወደ ተሸፈነች አንዲት ጋራዥ ገባ። ሹፌሩ ወጣት ነው፤ ባለጋራዡ ጸጕሩ የሸበተ፣ እጁ ከብዙ ዘመን ሥራ የተነሣ በዘይት የጠቈረ፣ ንግግሩ አጭር የሆነ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ፍሪሲዮኑ አለቀ መሰለኝ፤ ስነሣ ያንዘፈዝፈኛል። ሸራውን ቀይሩልኝና ነገ ልመለስ» አለ ወጣቱ።

«ሸራው ማለቁን ማን ነገረህ ልጄ?» አለ ሽማግሌው። ረዳቱ መፍቻ ሊያቀብለው እጁን ዘርግቶ ነበርና በዐይኑ መለሰው። «መቼ መቼ ነው የሚያንዘፈዝፍህ? ጧት ስትነሣ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ?»

«ጧትማ ደኅና ነው። ከሞቀ በኋላ ዳገት ላይ ስነሣ ነው የሚብሰው።»

«የኋላ ማርሽስ?»

«ያው ነው ጋሼ።»

«ከተነሣህ በኋላስ፣ እየሄድክ ሳለ ይንቀጠቀጣል?»

«አይ፣ ከተነሣማ ሰላም ነው።»

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ባለፈው ሳምንት ጭቃ ይዞኝ ብዙ ታግዬ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ባሰበት። ቀድሞም ግን ጥቂት ጥቂት ነበረበት።»

ይህን የመሰለ ጥያቄና መልስ ላልለመደ ሰው ጊዜ ማባከን ይመስለዋል። ነገር ግን በመቲ ላይ ጋራዥ የከፈተ ሰው፣ ካምቢዮ አውርዶ ከተሳሳተ ስሕተቱ የሚያስከፍለው ዋጋ አዲስ አበባ ላይ ከሚያስከፍለው እጅግ ይበልጣል። በመርካቶ ሱማሌ ተራ አጠገብ የሚሠራ መካኒክ የጐደለውን ዕቃ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያስመጣል፤ የመቲው ግን ገንዘብ ልኮ፣ ዕቃው በቦንጋ ወይም በሌላ መንገድ በሚመጣ አውቶቡስ ተጭኖ ቴፒ እስኪደርስ፣ ከቴፒም ጭቃውን አልፎ እስኪመጣ መጠበቅ አለበት፤ እስከዚያም ድረስ መኪናው ሆዱን ከፍቶ ይቆማል፤ ባለሱቁም ዕቃ ያጣል፣ ሕመምተኛም ወደ ሐኪም የሚወስደው ያጣል። ስለዚህ በዚህ አገር ጥሩ መካኒክ የሚባለው ፈጥኖ የሚፈታ ሳይሆን ሳይፈታ ብዙ የሚያውቅ ነው፤ እኔም ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ ሳይሰፍር ከአፍ ወደ አፍ ብቻ ሲተላለፍ በማየቴ ነው።

የፍሪሲዮን ሥራ ሳይታወቅ ሕመሙን መናገር አይቻልምና አስቀድሞ ስለ ሥራው ጥቂት መናገር ይገባል። ሞተር ከቆመበት ተነሥቶ ጭነት ሊጐትት አይችልም፤ ቢያንስ በደቂቃ 700 ወይም 800 ጊዜ ያህል እየዞረ መቆየት አለበት፤ መኪናው በቆመ ጊዜ ግን ጎማው ፈጽሞ አይዞርም። የሚዞረውንና የቆመውን ቀስ በቀስ የሚያስታርቃቸው አካል ፍሪሲዮን ነው። በሞተሩ ጀርባ ቮላኖ የሚባል ከባድ ብረት ከክራንክ ሻፍቱ ጋር ታስሮ ይዞራል፤ በቮላኖው ፊት፣ ከካምቢዮው በሚወጣው ዘንግ ጥርስ ላይ የተሰካ፣ ሁለት ፊቱ በሸራ የተለበጠ ዲስክ ይገኛል፤ ከዲስኩም በስተኋላ ፕሬሸር ፕሌቱ በብርቱ ሞላ እየተገፋ ዲስኩን ከቮላኖው ጋር ያጣብቀዋል። ሹፌሩ ፔዳሉን በረገጠ ጊዜ ኩሽኔታው የሞላውን ጣቶች ገፍቶ ግፊቱን ያነሣል፤ ዲስኩም ነጻ ይሆናል፤ እግሩን ቀስ እያለ ባነሣ ጊዜ ደግሞ ግፊቱ ይመለሳል፤ ሸራውም ለጥቂት ቅጽበት በቮላኖው ፊት ላይ እየተንሸራተተ፣ በመንሸራተቱም ውስጥ ኀይል እየተቀበለ፣ በመጨረሻ ሁለቱ አንድ ሆነው ይዞራሉ። የመንዘፍዘፍ ሥሩ ያለው በዚያች የመንሸራተቻ ቅጽበት ውስጥ ነው።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1781 ሻርል ኦጉስተን ኩሎም የተባለው ሊቅ ስለ ሰበቃ በጻፈው ድርሳን ከፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ሽልማት አግኝቶ ነበር። ከመረመራቸው ነገሮች አንዱ፣ ቆሞ የቆየን ነገር ከቦታው ለማላቀቅ የሚያስፈልገው ኀይል የተንቀሳቀሰውን ለማስቀጠል ከሚያስፈልገው ሊበልጥ መቻሉ ነው። ጤናማ ሸራ በዝግታም ሆነ በፍጥነት ሲንሸራተት የመያዝ ኀይሉ ብዙም አይለዋወጥም፤ ዘይት የነካው ወይም በሙቀት የተቃጠለ ሸራ ግን በዝግታ ሲንሸራተት አጥብቆ ይይዛል፣ በፍጥነት ሲንሸራተት ይለቅቃል። እንግዲህ የሚሆነው ይህ ነው፦ ሸራው ይይዛል፤ በያዘም ጊዜ ከካምቢዮ እስከ ጎማ ያለው ዘንግ ሁሉ ጥቂት ይጠመዘዛል፤ ጥምዝዙ ከሸራው አቅም በላይ ሲሆን ሸራው ያመልጣል፤ ዘንጉም ይፈታል፤ ወዲያውም እንደ ገና ይይዛል። ይህ መያዝና ማምለጥ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከ5 እስከ 20 ጊዜ ያህል ይመላለሳል፤ የሰው አካልም ይህን ያህሉን መንቀጥቀጥ በግልጥ ይሰማዋል።

ሁለተኛው ዓይነት መንዘፍዘፍ ከሸራው ጠባይ የሚመጣ አይደለም፤ ከአካላቱ መጣመም ይመጣል። ቮላኖው ወይም ፕሬሸር ፕሌቱ ፊቱ ተጣሞ እንደ ሆነ፣ የሞላው ጣቶች ቁመታቸው ተበላልጦ እንደ ሆነ፣ ወይም ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር ሲገጠም ማእከሉን ስቶ እንደ ሆነ፣ በእያንዳንዱ ዙር ግፊቱ አንድ ጊዜ ይጠነክራል፣ አንድ ጊዜ ይላላል። እነዚህን ሁለቱን መንታ ሕመሞች ሳይፈቱ ለመለየት የሚያስችል ምልክት አለ። ሞተሩ በደቂቃ 900 ጊዜ እየዞረ ዲስኩ 300 ጊዜ ቢዞር፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት በደቂቃ 600፣ ማለት በሰከንድ 10 ነው፤ ከመጣመም የመጣው መንዘፍዘፍ ይህን ልዩነት ይከተላልና፣ ዲስኩ ሞተሩን እየደረሰበት በሄደ መጠን እየዘገየ ይሄዳል። ከሸራው ጠባይ የመጣው ግን የዘንጎቹን የተፈጥሮ ርግብግቢት ስለሚከተል፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ዓይነት ምት ይመታል፤ ሲያልቅም በድንገት ያልቃል። ሽማግሌው መካኒክ ይህን በቍጥር አይናገረውም፤ ነገር ግን ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጦ፣ እጁን በካምቢዮው ዱላ ላይ አሳርፎ፣ ዐይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጠው ይህንኑ ነው።

ከጋራዡ ፊት ለፊት ባለው ደልዳላ መሬት ላይ እንዲህ አደረጉ። መጀመሪያ መኪናው ባዶውን በአንደኛ ማርሽ ነዳጅ ሳይሰጠው ፔዳሉን እጅግ በዝግታ እያነሣ እንዲነሣ፣ ቀጥሎ በኋላ ማርሽ፣ ከዚያም በሁለተኛ ማርሽ ጥቂት ነዳጅ እየሰጠው እንዲነሣ ሹፌሩን አዘዘው፤ በሦስቱም ተንዘፈዘፈ፤ ምቱም አንድ ዓይነት ነበር። ቀጥሎም የእጅ ፍሬኑን አጥብቆ ስቦ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፔዳሉን እንዲለቅ አደረገው፤ ጤናማ ፍሪሲዮን በዚህ ፈተና ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት አለበት፤ ይህኛው ግን ጥቂት አንገራግሮ፣ ትንሽ ተንሸራትቶ ነው ያጠፋው። የፔዳሉን ልቅ ጉዞ በጣቱ ለካ፤ በብዙ ቶዮታዎች ከ5 እስከ 15 ሚሊሜትር የሚፈቀደው ይህ ልቅነት በቂ ሆኖ ተገኘ፤ ስለዚህ ኩሽኔታው ያለ ሥርዓት እየተጫነ አይደለም።

ከዚያ ከመኪናው ሥር ገባ። ረጅም ብረት አስገብቶ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚሸከሙትን ጎማዎች አንድ በአንድ አንቀሳቀሳቸው፤ የዘንጉን መገጣጠሚያ ክሮቼራውንም በእጁ ጠመዘዘ። የሞተር ጎማ የተሰነጠቀበት መኪና ፍሪሲዮኑ ጤናማ ሆኖ ሳለ የሚንዘፈዘፍበት ጊዜ አለ፤ ሞተሩ ኀይል ሲሰጥ ከመቀመጫው ብድግ ይላል፣ ተመልሶም ይቀመጣል፤ በብድግታውም ሳለ የፍሪሲዮኑን አሠራር ያውካል፤ ይህንንም ሳይመለከቱ ካምቢዮ አውርደው ደኅና ሸራ የጣሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። በዚህኛው መኪና የካምቢዮው ጎማ ጥቂት ተሰንጥቆ ተገኘ፤ ነገር ግን የሞቀ ጊዜ ብቻ የሚጠናን ሕመም እርሱ ብቻውን ሊያስከትለው አይችልም። በመጨረሻ ሽማግሌው በሞተሩና በካምቢዮው መጋጠሚያ ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ የተንጠለጠለች አንዲት የጠቈረች ጠብታ አይቶ በጣቱ ነካት፣ አሸተታትም። የካምቢዮ ዘይት ድኝ ድኝ የሚል ሽታ አለው፤ የሞተር ዘይት ግን እንዲህ አይሸትም፤ ቀለሙም ከአገልግሎት የተነሣ የጠቈረ ነው። «የሞተር ነው» አለ። «ዘይቱን የሚያግደው የኋላው ኦይል ሲል አርጅቷል። ቀድሞ ጥቂት ጥቂት ነበረብኝ ያልከው ይህ ነው።»

ጧት ደኅና ሆኖ ከሞቀ በኋላ መባሱም ከዚህ ጋር ይስማማል። ዘይት የጠጣ ሸራ በቀዘቀዘ ጊዜ ዘይቱን በውስጡ ይዞ ይቆያል፤ በሞቀ ጊዜ ግን ወደ ፊቱ ያወጣዋል። የዚህ ተቃራኒ የሆነ፣ ጧት ብቻ፣ በተለይም መኪናው በዝናብ ውስጥ ለብዙ ቀን ቆሞ ከነበረ በኋላ የሚታይ መንዘፍዘፍ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እርሱ ቀደም ብለን ያነሣነው ስስ ዝገትና እርጥበት ነውና፣ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት መነሣት በኋላ ሸራው ራሱ ጠርጎት ይጠፋል፤ ለእርሱ ብሎ ካምቢዮ የሚያወርድ ሰው ገንዘቡን በከንቱ አጠፋ። ወንዝ የተሻገረ፣ ውሃም በመጋጠሚያው ቀዳዳ የገባበት መኪና እንዲሁ ነው፤ አስቀድሞ እንዲደርቅ ጊዜ መስጠት ይገባል። ነገር ግን ከውሃው ጋር ደለል ገብቶ እንደ ሆነ ደለሉ በሸራውና በቮላኖው መካከል እየፈጨ ሁለቱን ይበላልና፣ በዚያ ጊዜ መክፈት ግድ ነው።

ስለ ጭቃው ትግልም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ዘይቱ ሕመሙን ጀመረ እንጂ ያጸናው ሙቀት ነውና። ሁለት ቶን ተኩል የሚመዝን የተጫነ ፒክ አፕ፣ በየመቶ ሜትሩ አሥር ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ፣ ፍሬን ሳይያዝ በፍሪሲዮን ብቻ ተደግፎ እንዲቆም ቢደረግ፣ ሞተሩ በደቂቃ 1,500 ጊዜ እየዞረ ሳለ፣ በአንደኛ ማርሽ ወደ ሸራው የሚገባው ሙቀት 8 ኪሎዋት ያህል ይሆናል፤ ይህም ሁለት የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ በአንድ ላይ ከሚያወጡት ሙቀት ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ያም ሁሉ ሙቀት ስፋቱ ከሰሐን ብዙም በማይበልጥ፣ ነፋስ በማያገኘው ዝግ ቤት ውስጥ ባለ ዲስክ ላይ ይወርዳል። ከማጥ ለመውጣት ፔዳሉን በግማሽ ይዞ ሞተሩን የሚያስጮኽ ሹፌርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በሸራው ውስጥ ያለው ማያያዣ ሙጫ በሙቀቱ ይበላሽና የሸራው ፊት እንደ መስታወት ይንጸባረቃል፤ ቮላኖው ላይም ሙቀቱ በአንዳንድ ቦታ ተሰብስቦ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያበጃል፤ በዚያም ቦታ ብረቱ ጠባዩን ለውጦ ስለሚጠነክር፣ ከእንግዲህ ከጎረቤቱ ብረት ጋር እኩል አይበላም።

በማግሥቱ ካምቢዮው ወረደ። ሽማግሌው ፕሬሸር ፕሌቱን ሲፈታ አንዱን ብሎን ጨርሶ አልነቀለም፤ ሁሉንም በየተራ ጥቂት ጥቂት እያላላ፣ ሞላው በእኩልነት እንዲለቅ አደረገ፤ አንዱ ወገን ቀድሞ ቢለቅ ሽፋኑ ይጣመማልና። ሲከፈትም የተነገረው ሁሉ ተገኘ፦ የሸራው አንዱ ገጽ ከዘይት የተነሣ ጠቍሮ ያብለጨልጫል፣ ቮላኖው ላይም ሰማያዊው ነጠብጣብ አለ፣ ከኦይል ሲሉም ሥር ዘይት በቀጭኑ ወርዷል።

ወጣቱ ሹፌር ሸራው ገና ውፍረት እንዳለው አይቶ «በቤንዚን አጥበን ብንመልሰውስ ጋሼ?» አለ። ይህ በየጋራዡ የሚሰማ ፈተና ነው። ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። ሸራ ዘይትን ወደ ውስጡ ይጠጣል፤ ቤንዚን ፊቱን ቢያጥብ ውስጡን አያጥብም፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዳገት ዘይቱ እንደ ገና ይወጣል፤ ካምቢዮውም ሁለተኛ ይወርዳል። በብዙዎቹ የቶዮታ የጥገና መጻሕፍት እንደ ተጻፈው፣ ሸራው ከምስማሮቹ ራስ በላይ ቢያንስ 0.3 ሚሊሜትር መትረፍ አለበት፤ ዲስኩ ሲዞር መወላገዱ ከ0.8 ሚሊሜትር፣ የቮላኖው መወላገድ ደግሞ ከ0.1 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም፤ የሞላውም ጣቶች በኩሽኔታው የተበሉት ጥልቀት ከ0.6 ሚሊሜትር እንዳያልፍ ታዝዟል። ይህ ሸራ በመጀመሪያው መለኪያ አልፏል፤ ነገር ግን ውፍረት ስላለው ብቻ ጤናማ ነው ማለት አይቻልም።

ስለ አቧራው ግን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልሻም፤ ከሁሉ የምቈረቈርበት ነገር ነውና። ረዳቱ በአፉ ትንፋሽ የመጋጠሚያውን ጥቁር ዱቄት ሊነፋ ጐንበስ ሲል ሽማግሌው ትከሻውን ይዞ መለሰው፤ ዱቄቱም በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ጨርቁ በፌስታል ታስሮ ተጣለ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1897 እንግሊዛዊው ኸርበርት ፍሩድ ፌሮዶን ከመሠረተ በኋላ፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን ሸራ ሙቀት እንዲችል ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ከአስቤስቶስ ሲሠራ ኖሯል፤ የአስቤስቶስ ዱቄት ደግሞ በሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰርን የሚያመጣ መሆኑ ተረጋግጦ በብዙ አገሮች ተከልክሏል። አሮጌ መኪና በሚመላለስበት፣ የሸራው ምንጭም ሁልጊዜ በማይታወቅበት አገር፣ እያንዳንዱን ሸራ አስቤስቶስ እንዳለበት ቈጥሮ መጠንቀቅ ይገባል። በኮምፕሬሰር እየነፉ የሚያጠሩ ጋራዦች አሉ፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ግን ከሥር ሆነው የሚሠሩት ወጣት ረዳቶች ናቸው፤ ይህም በእውነት ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው።

ቮላኖው ቶርኖ ወዳለበት ከተማ ተላከ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘብ ለማዳን ሲል በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ ይመልሰዋል፤ ለስስ ዝገት ወይም ለትንሽ ማብረቅረቅ ይህ ይበቃል፤ ሰማያዊውን ነጠብጣብ ግን ብርጭቆ ወረቀት አይነቅለውም፤ በቶርኖ ወይም በመፍጫ በልኩ መነሣት አለበት፤ ጥልቅ ሆኖ የተሰነጠቀ እንደ ሆነም ቮላኖው ራሱ ይለወጣል። አዲሱ ዲስክ፣ ፕሬሸር ፕሌቱና ኩሽኔታው ከአዲስ አበባ እስኪመጡ ድረስ፣ ኦይል ሲሉና የተሰነጠቀው የካምቢዮ ጎማ ቀድመው ተቀየሩ። ሽማግሌው ዕቃውን የሚገዛለትን ሰው ሲያስጠነቅቅ «ማሸጊያውን አትይ፤ ዲስኩን አውጥተህ ሞላዎቹን በእጅህ ነቅንቅ፣ ጥርሱን ከአሮጌው ዘንግ ጋር ግጠም» አለ፤ የታወቀ ስም በተጻፈበት ሣጥን ውስጥ ሌላ ዕቃ ተሽጦ ያውቃልና።

አዲስ ፍሪሲዮን ተገጥሞ ሳለ መንዘፍዘፉ የሚቀጥልባቸው መኪኖች ብዙ ናቸው፤ በዚያ ጊዜም ወቀሳው ሁሉ በዕቃው ላይ ይወድቃል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የሚፈጸመው ካምቢዮው ሲመለስ ነው። ክሪክ ወይም ማንሻ በሌለበት ጋራዥ ካምቢዮው በሰው ደረትና ክንድ ይነሣል፤ ዘንጉም ወደ ዲስኩ ጥርስ ከገባ በኋላ ሰዎቹ ደክሟቸው ጥቂት ቢለቁት፣ ያ ሁሉ ክብደት በቀጭኑ ዲስክ ማእከል ላይ ይንጠለጠላል፤ ዲስኩም በዐይን በማይታይ መጠን ይጣመማል፤ የመጣመምን መንዘፍዘፍ በገዛ እጃቸው አስገቡ ማለት ነው። ስለዚህ ሽማግሌው ካምቢዮውን በእንጨት ርብራብ ላይ አሳርፎ ከፍ ዝቅ እያደረገ በልኩ አስተካከለው፤ ሁለቱን አካላት የሚያማክሉት ትንንሽ ፒኖች በቦታቸው መኖራቸውን በጣቱ ዳሰሰ፤ ዲስኩንም ከአሮጌ ካምቢዮ በተረፈ ዘንግ ማእከሉን አስይዞ፣ ብሎኖቹን በመስቀል አምሳል እየተሻገረ በየተራ አጠበቃቸው። ለዘንጉ ጥርስ የቀባው ግራሶ እጅግ ጥቂት ነበር፤ ሲበዛ በዙሩ ኀይል ወደ ሸራው ይረጫልና፣ ያን ጊዜ የተባረረው ዘይት በሌላ በር ይመለሳል። አዲሱን ሸራና ቮላኖውን በእጁ አልነካቸውም፤ ረዳቱም ዘይት በነካ ጣቱ እንዳይዳስሳቸው ተቈጣው።

ከተገጠመ በኋላ በዚያው ደልዳላ መሬት ላይ በአንደኛ፣ በኋላና በሁለተኛ ማርሽ ተፈተነ፤ መኪናው ያለ ድምፅ ተነሣ። ወጣቱ ወዲያው ጭኖ ሊሄድ ሲቸኵል ሽማግሌው አስቆመው። አዲስ ሸራ ከቮላኖው ፊት ጋር እስኪተዋወቅ፣ ለመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎሜትር ያህል ከባድ ጭነት መጫንና ዳገት ላይ በፍሪሲዮን መቆም እንደማይገባው፣ ጭቃም ቢይዘው ፔዳሉን በግማሽ ይዞ ከመታገል ይልቅ ቅጠልና ድንጋይ ከጎማው ሥር አስገብቶ፣ ፔዳሉን ፈጽሞ ለቅቆ በዝግታ እንዲወጣ፣ ዳገት ላይ የሚነሣ ጊዜም በእጅ ፍሬን ይዞ ሸራው መያዝ ሲጀምር ብቻ ፍሬኑን እንዲለቅ አዘዘው።

«ጭቃው ውስጥ ሆነህ ደግሞ የሚያቃጥል ሽታ ከሸተተህ» አለው፣ «ሞተሩን አጥፍተህ ውረድ። ሩብ ሰዓት ጠብቅ። ባለሱቁ ይጠብቅሃል።»

«እሺ ጋሼ።»

«በወሩ ተመልሰህ ና፤ ያችን ቀዳዳ ከሥር አያታለሁ። ደርቃ ካገኘኋት ደግ ነው። ከራሰች ግን ኦይል ሲሉን በነጻ እቀይርልሃለሁ።»

ወጣቱ ከጋራዡ ወጥቶ ወደ ቴፒ መንገድ ባዶውን ተነሣ።